የአጣቢዋ ዜማ

ባለፈው ጥቅምት፣ ፀሐይ ገና ሳታዘቀዝቅ፣ የልብስ ማጠቢያውን ክዳን ከፈትሁና እጄ በአየር ላይ ቀረ። ውኃው ጥቁር ነበር። በጥቁሩ ውኃ ውስጥ አንዲት የልጅ ሸሚዝ፣ አንዱ እጅጌዋ ወደ ላይ ተንሳፍፎ፣ ቀስ ብላ ትዞራለች። ከፎቅ ደግሞ የልጅ ልጄ ልያ የምታጠናው የቫዮሊን ዜማ ይወርዳል።

ይህ የሚያስፈራ ነገር አይደለም የሚለኝ ቢኖር አልከራከረውም። የምንኖረው በፈረንጅ አገር፣ ሴንቴኒያል ሂልስ በሚባል ሰፈር ነው። ሃሎዊን የሚሉት የሙታን በዓል በሚደርስበት በዚህ ሰሞን ፊት ለፊታችን ያለው ጎረቤት ቁመቱ ጣሪያውን የሚነካ የፕላስቲክ አጽም አቁሟል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው በግቢው ጠጠር ላይ ስድስት የውሸት መቃብር ደርድሯል። በየማለዳው በመካከላቸው በእግሬ ስመላለስ አንድም ቀን ልቤ ደንግጦ አያውቅም። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ማስረጃ የሌለውን ነገር እንዳልቀበል የተማርሁ ሰው ነኝ። ሆኖም ማጠቢያው ባለበት ጋራዥ ውስጥ ጠርዙን ይዤ ቆምሁ።

ዜማው ተቋረጠ። ልያ ቫዮሊኗን በአንድ እጅ፣ ቀስቷን በሌላው እጅ ይዛ በጋራዡ በር ብቅ አለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

«አባባ፣ ኦኬ ነህ?»

እናቷ «ነዎት በይ» እያለች ለዓመታት አርማታለች፤ እኔ ግን ከተውሁት ቆይቻለሁ።

«የምትጫወቺው ምንድን ነው?» አልኋት።

«ለሃሎዊን ነው። ኮንሰርት አለን። ሁሉም የስኮትላንድ ነው፣ የድሮ። ቲቸር እንዲያስፈራ አድርጋችሁ ተጫወቱ አለችን።» ፊቴን አየችና ዐይኗ በራ። «ያስፈራል?»

በቀስቷ ላይ የምትቀባው ሙጫ ሽታ አፍንጫዬ ደርሶ ነበር። ዜማው በልጅነቴ የሰማሁት ያው ዜማ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ስድሳ ሰባት ዓመት አልፎታል፤ ጆሮዬም እንደ ቀድሞው አይደለም። ሽታው ግን ያው ነው። በዚህ እምላለሁ።

ያን ጊዜ እኔም አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ በደሴ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። በዚያ ዓመት የእንግሊዝኛ መምህራችን ከስኮትላንድ የመጣ፣ አንገቱ ረጅምና ቀይ፣ ኮቱ ዝናብ ሲነካው በግ በግ የሚሸት ሰው ነበር። ሚስተር ፊንሌ እንለው ነበር። በክንዱ ሥር አንድ ጥቁር ሣጥን ይዞ ይመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ሣጥኑ የሕፃን ሬሳ ሣጥን እንደሆነ በክፍሉ ሁሉ ታምኖ ነበር። ቫዮሊን መሆኑ ከታወቀ በኋላም ቢሆን ጥርጣሬያችን ወደ ሌላ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም፦ በጨርቅ ጠቅልሎ ስለሚያስቀምጣት፣ የደረቀ ማር ስለምትመስል የሙጫ ጓል መጠራጠር ጀመርን። ከመጫወቱ በፊት ቀስቱን በእርሷ ላይ ያመላልሳል። ጓደኛዬ ይማም «ለቀስቱ የሚያበላው ነው፤ ካልበላ አይጮኽም» አለኝ። አንድ ቀን መምህሩ ዘወር ሲል ላስኋት። መራራ ነበረች፤ ሽታዋ ቀኑን ሙሉ ከምላሴ አልለቀቀም።

እናቴ ከቤት ያልነበረችበት ወቅት ነው። ሆዷን ያማት ነበርና በመስቀል ሰሞን ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሄዳለች። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት ጎንበስ ብላ «ለኅዳር ሚካኤል እዚህ ነኝ። ሸሚዝህን አታቆሽሽ» አለችኝ። የገባችውን ቃል አጥፍታ የማታውቅ ሴት ስለነበረች ስለ እርሷ አንድ ቀን አልሠጋሁም። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ የሚናገረው በልክ፣ የሚያምነውም በምስክር ነው። ምግቤንና ልብሴን የያዙልኝ ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ፣ የይማም እናት ነበሩ። የሰፈሩን ልብስ በቦርከና ወንዝ እያጠቡ ይተዳደራሉ። እጃቸው ሰፊ፣ እንዶድ ያቃጠለውና የተሰነጣጠቀ ነው፤ ከእጃቸው ስጎርስ እንዶዱ ይሸተኛል።

በጥቅምት ሃያዎቹ በአንዱ ከሰዓት በኋላ ሚስተር ፊንሌ ክፍሉ ውስጥ አንድ ትልቅ ዱባ ይዞ ገባ። ዐይን፣ አፍንጫና ጥርስ ቀርጾለታል። መስኮቶቹን አዘጋንና በዱባው ሆድ ውስጥ ሻማ አበራ።

«ኧረ ዱባው ጥርስ አበቀለ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«አንተን ነው የሚያየው!»

«እናቴ ብታየው ታለቅስ ነበር፤ የሁለት ቀን ወጥ ነው እኮ!»

መምህሩ ጠበቀን። ከዚያ ሃሎዊን የሚሉት ይህ ቀን በአገሩ መኸሩ አብቅቶ ብርዱ የሚገባበት ዋዜማ መሆኑን፣ በዚህች ምሽት ሙታን የቀድሞ ቤታቸውን ሊያዩ ጎራ እንደሚሉ፣ እነርሱን የሚመለከቱ ዜማዎችም ከአያቱ እንደተማረ ነገረን። እኔ በእንግሊዝኛ አንደኛ ስለነበርሁ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆሜ እርሱ የሚለውን እየተቀበልሁ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ።

ከተጫወታቸው የመጨረሻው የአጣቢዋ ዜማ ነበር። አጀማመሩ ሰው ልብስ እያለቀለቀ በአፍንጫው እንደሚያንጎራጉር ዝቅ ያለ ነው። ከዚያ ሦስት ጊዜ አንድ ነገር ሊናገር ከፍ ይላል፤ ሦስቱንም ጊዜ ሐሳቡን ለውጦ ይመለሳል። አጨራረሱ አስደነገጠኝ። ደረጃ ወርዶ፣ የመጨረሻው ላይ ሲደርስ እግሩን አንሥቶ እንደቀረ ሰው፣ ባልተጠበቀ ቦታ ቆመ። ሁላችንም ቀጣዩን ጠበቅን። አልመጣም።

ሚስተር ፊንሌ ቀስቱን አወረደና ታሪኩን ነገረኝ፤ እኔም ለክፍሉ ነገርሁ። በአንድ ወንዝ መሻገሪያ ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን ሸሚዝ ታጥባለች። ሸሚዙ ሊሞት የተቃረበ ሰው ልብስ ነው። የሚያልፍ መንገደኛ ባለቤቱን ማወቅ ከፈለገ በእርሷና በውኃው መካከል ገብቶ «የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ከጠየቀ እውነቱን ከመናገር በቀር ምርጫ የላትም። ካልጠየቀ ግን ያየውን ተሸክሞ ይሄዳል።

እስከዚህ ድረስ ትርጉሜ ታማኝ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን መምህሩ አላለም፤ ከራሴ ጨመርሁት። «እዚህም በቦርከና አንዲት አለች» አልሁና ወደ ይማም ተመለከትሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሚስተር ፊንሌ ታሪኩ ያሳቀን መስሎት እርሱም ፈገግ አለ። ይማም ግን አልሳቀም።

በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ከበው «የአጣቢዋ ልጅ! ዛሬ የማንን አጠበች?» ሲሉት ወደ እኔ መጥቶ «እናቴን ተው» አለኝ። እኔ እንጀራ የምበላው ከእናቱ እጅ ነበር።

ኅዳር ገባ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ የፍርድ ቤት ኮቱን ለሰኞ እንዲያደርሱለት ለእትዬ ዘሀራ እንድነግር ላከኝ። ሴቶቹ ሁልጊዜ ከሚያጥቡበት ድንጋያማ ቦታ ወረድሁ፤ እትዬ ዘሀራ አልነበሩም። «ወደ ላይ ወጥታለች» አሉኝ አንዲት ሴት፣ ፊቴን ሳያዩ። ወንዙን ተከትዬ ወጣሁ። ከአኻያ ዛፎቹ ኋላ ጢስ አየሁና ቀረብሁ።

እትዬ ዘሀራ ብቻቸውን ነበሩ። በሦስት ድንጋይ ላይ ትልቅ ማሰሮ ጥደዋል። ሲያጥቡ ዘወትር የሚያንጎራጉሩ ሴት ያን ዕለት ዝም ብለዋል። አንድ ነጭ ሸሚዝ ከውኃው አውጥተው ጨመቁና ወደ ብርሃኑ ዘረጉት። የእኔ ነበር። ለጥርጣሬ ቦታ አልነበረውም፦ እናቴ የተቀደደ ኪሱን ነጭ ክር ብታጣ በሰማያዊ ክር ሰፍታዋለች። ሸሚዙን በእንጨት ይዘው ማሰሮው ውስጥ ነከሩት። ሲያወጡት ጥቁር ነበር። ጥቁር ውኃ በክንዳቸው ላይ ወረደ፤ በዚያው ክንዳቸው ዐይናቸውን ጠረጉ።

ያ ዜማ ያን ጊዜ በጆሮዬ ውስጥ ተነሣ። ጅማሬው፣ ሦስቱ መውጣት፣ ከዚያም እግሩን አንሥቶ መቅረቱ።

በመካከላችን አሥር እርምጃ አይሞላም። በእርሳቸውና በውኃው መካከል ገብቼ «የማን ነው?» ማለት ብቻ ነበረብኝ። አፌን ከፈትሁ። ምላሴ ላይ ቀድሞ የመጣው ግን እኔው ራሴ ያወጣሁላቸው ስም ነበር። በዚያ ስም የሰደብኋቸውን ሴት በምን ዐይኔ አይቼ ልጠይቅ? ደግሞስ የማን እንደሆነ እያየሁት አይደለም? የአባቴን መልእክት ሳልናገር ሮጥሁ። እሾህ እግሬን ሲወጋኝ የተሰማኝ ቤት ከደረስሁ በኋላ ነው።

ለአባቴ አልነገርሁትም። «ምስክር አለህ?» እንደሚለኝ አውቅ ነበር። ምስክር አልነበረኝም፤ ሸሚዜም ከሚሰቀልበት ሚስማር ላይ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስረጃው በየአቅጣጫው ይጎርፍልኝ ጀመር። ከአጥሯ ስር ባየችን ቁጥር በዱላ የምታባርረን ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለ ከደጅ ጠርታ ሁለት እጅ የሚሞላ ድፎ ዳቦ ሰጠችኝ፤ ራሴን ዳሰሰችና «ብላ፣ የኔ ጌታ» አለችኝ። የኔ ጌታ! ሰኞ ዕለት ሚስተር ፊንሌ ክፍሉ ሲለቀቅ አስቀረኝና ለማንም ሰጥቶ የማያውቀውን ቫዮሊን በእጄ አስያዘኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ በክሮቹ ላይ አኖረልኝ። ሙጫዋንም እንድቀባ ፈቀደልኝ። ለሚሞት ሰው የተመኘውን ሁሉ እንደሚሰጡት ሰምቼ ነበርና ገባኝ።

ማክሰኞ ብዮቼን በመሐረብ ቋጥሬ ለይማም ዘረጋሁለት።

«ውሰዳቸው።»

«ምን ሆነህ ነው? አገር ልትለቅ ነው?»

«አያስፈልጉኝም።»

«ባለፈው ሳምንት ለአንዷ ስትል አንገቴን አንቀህ አልነበር?»

«ውሰድ አልሁህ፣ ይማም።»

መሐረቡን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ ዐይኑን አሸሸ። «አልወስድም። እናቴ…» አለና አፉን በመዳፉ ያዘ።

«እናትህ ምን አለች?»

«ምንም አላለች። ከአንተ ጋር እንዳልጣላ አስምላኛለች። በቃ።»

ብዮቹን በእጄ ላይ ትቶ ሮጠ። እርሱም ያውቃል ማለት ነው። ከተማው በሙሉ ያውቃል።

በነዚያ ቀናት ያገኘሁት መድኃኒት ዜማውን መጨረስ ብቻ ነበር። የጎደለችውን የመጨረሻ ድምፅ አግኝቼ ባስቀምጣት ነገሩ የሚዘጋ መሰለኝ። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድም ስመለስም አንጎራጉረዋለሁ፤ መጨረሻው ጋ ስደርስ አንዷን እሞክራለሁ፣ ሌላዋን እሞክራለሁ። የምትገጥም አጣሁ።

ረቡዕ ኅዳር ሚካኤል ነበር። በዚያ ቀን በአገራችን በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ በአያቶቻችን ዘመን ሰውን የጨረሰ በሽታ በዚህ ወር ስለነበር ጢሱ በሽታ ያባርራል ይባላል። እኔ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ወጣሁ። ከእሳት ወደ እሳት፣ ከደጅ ወደ ደጅ እየዞርሁ ጢሱ ውስጥ ቆምሁ፤ የተቃጠለ ጭድና የአሮጌ ጫማ ጢስ እስኪያስለኝ፣ እስኪያስመልሰኝ ድረስ ማግሁት። ሴቶቹ አይተውኝ አልተቆጡም። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

ከሰዓት ከአባቴ ጋር አውቶቡሱን ልንጠብቅ ወጣን። መጣ። ሰዎች ወረዱ፤ ዶሮ ወረደ፤ ጆንያ ወረደ። ሹፌሩ በሩን ዘጋ።

«መንገዱ ተበላሽቶ ዘግይታ ይሆናል» አለ አባቴ። ምስክር አልጠራም።

እኔ ያሰብሁት ይህን ብቻ ነው፦ ሳታየኝ ልሞት ነው።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ከአልጋዬ ላይ በመጋረጃው ስንጥቅ አየሁ። የእድሩ ዳኛ ጋሼ ዘውዴ ከፊት፣ ሌሎች ወንዶች ከኋላቸው፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ሊወስዱኝ እንደመጡ እርግጠኛ ነበርሁ። ጉልበቴን ወደ ደረቴ ሰብስቤ ብርድ ልብሱን ነከስሁ።

«ምንድን ነው በዚህ ማለዳ?» አለ አባቴ።

ጋሼ ዘውዴ ወደ መጋረጃው፣ ወደ እኔ፣ ተመለከቱ። ያ ቅጽበት ዛሬም አላለቀም።

«በርታ፣ ታደሰ» አሉት አባቴን። «በሚካኤል ሰሞን መርዶ አይነገርም ብለን ነው እስካሁን የያዝነው። ጥሩነሽ አርፋለች። ሰባት ቀን ሆናት።»

አባቴ የጮኸውን ጩኸት አልጽፈውም። መጻፍ ያለብኝ ሌላውን ነው። ጥሩነሽ እናቴ ናት። ስሟ ተጠራ፤ ገባኝም። ደረቴ ላይ አምስት ቀን የተቀመጠው ድንጋይ ተነሣ፤ አየር ገባ፤ ከአፌም ጮክ ብሎ «እፎይ» የሚል ቃል ወጣ።

ኀዘኑ ከዚያ በኋላ መጣ፤ መጥቶም አልሄደም። ቀድሞ የመጣው ግን እርሱ አይደለም።

ዘወር ስል እትዬ ዘሀራ በጓሮው በር በኩል ገብተው ከአልጋዬ ራስጌ ቆመዋል። ሰምተዋል። በክንዳቸው ላይ ሁለት ጥቁር ልብሶች አሉ፤ ትልቁ የአባቴ፣ ትንሹ የእኔ። ሰማያዊው ክር ጠቁሮ አይታይም። ከል ነው፤ ለኀዘን የተነከረ። ሊሞት ላለው አልነበረም፤ ለሚቀረው ነበር። መርዶው ሲነገር የሚለበሰው ዝግጁ እንዲሆን ጎረቤት ቀድሞ በስውር ይነክራል፤ ይህን በአሥራ አንድ ዓመቴ አላውቅም ነበር።

«እጅህን ስጠኝ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። አንዱን እጅጌ፣ ከዚያ ሌላውን አጠለቁልኝ። አዝራሩን ሲቆልፉ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፦ «ያን ዕለት ከዛፎቹ ኋላ አይቼሃለሁ። ብትጠይቀኝ እንዴት እዋሽሃለሁ? እንዳትጠይቀኝ ዱዓ ሳደርግ ነበር።»

እኔ እርሳቸውን ስፈራ፣ እርሳቸውም እኔን ሲፈሩ ነበር።

እናቴ በሞተች በሁለተኛው ቀን ብጠይቅ ኖሮ አለቅስላት ነበር። ባለመጠየቄ በነዚያ አምስት ቀናት ያለቀስሁት ለራሴ ነው። ስለ «እፎይ» ግን እትዬ ዘሀራ ለእኔም፣ ለአባቴም፣ እስከማውቀው ድረስ ለይማምም አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ልያ አሁንም በጋራዡ በር ቆማ ትጠብቀኛለች። ማጠቢያው መዞሩን አቁሟል።

«ይህ ሸሚዝ የማን ነው?» አልኋት። ለመጠየቅ ይህን ያህል ዓመት ፈጀብኝ።

«የኔ ነዋ! ለኮንሰርቱ ሁላችንም ጥቁር ነው የምንለብሰው። ማሚ ጥቁር አልገዛም፣ ነጭሽን ቀለም አደርገዋለሁ አለች። ከዚያ ሺፍት ሄደች። አባባ፣ ለምን ታለቅሳለህ?»

ከማጠቢያው አጠገብ ባለው ባልዲ ላይ ተቀመጥሁና ነገርኋት፤ ሲያቅታት በእንግሊዝኛ፣ ሲያቅተኝ በአማርኛ። ሁለት ልጆቼ የማያውቁትን «እፎይ»ም አልዘለልሁትም። ሳትነቃነቅ ሰማችኝ። ስጨርስ ቀስቷን በጉንጯ ላይ አሳርፋ አሰበች።

«ሸሚዙ ልክህ ነበር?» አለችኝ።

በሕይወቴ ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«በፈላ ውኃ ስለተነከረ ጠቦኝ ነበር» አልኋት። «ክንዴን ማንሣት አልችልም ነበር። ግን ዓመቱን ሙሉ ለበስሁት።»

ወደ ማጠቢያው አየች። «የኔም ይጠባል?»

እጄን ወደ ጥቁሩ ውኃ አስገባሁ። ቀዝቃዛ ነበር። «አይጠብም» አልሁና ሸሚዟን አውጥቼ ጨመቅሁት።

«እና ዜማው? አልነገርከኝም እኮ። ያስፈራል?»

«ያስፈራል።»

«የስ!» ብላ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ሸሚዟን በጓሮው ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ከላይ ዜማው ተጀመረ፤ ሦስት ጊዜ ወጣ፤ እግሩንም አንሥቶ ቀረ። ቀጣዩን አልጠበቅሁም። እጄን በሳሙና ታጠብሁ፤ ከጥፍሮቼ ሥር ያለው ጥቁር ግን አልለቀቀምና ወደ ኮንሰርቱ እንደዚያው ሄድሁ።